የጎን መብራት ያሳየው

በሰማንያዎቹ አጋማሽ ብስራተ ገብርኤል አካባቢ፣ ከዋናው መንገድ ትንሽ ገባ ብሎ፣ ፎቶ ቤት ነበረኝ። ቤቱ የታላቅ ወንድሜ ነበር። እሱ ወደ ሰሜን ዘምቶ ሳይመለስ ሲቀር ካሜራው፣ መብራቶቹና የጨለማ ክፍሉ ለእኔ ቀሩ። ሥራውን ከልጅነቴ ጀምሮ ከእሱ ጋር ስለሠራሁ አልከበደኝም። ደንበኞች ግን በር ላይ ቆመው ወደ ውስጥ ያማትሩና "ባለሙያው የለም እንዴ?" ይሉኝ ነበር። "አለ፣ ይግቡ" እላቸዋለሁ።

ያኔ ሰፈራችን ዱላ ይበዛበት ነበር። ጦርነቱ አለቀ ሲባል ወደየቤቱ ገባ። ከግንባር የተመለሰው፣ ከሥራ የተቀነሰው፣ መሣሪያውን ያስረከበውና ያላስረከበው አረቄ ቤት ሲገናኝ ጠርሙስ ይሰባበራል። ጠዋት በሬን ስከፍት ደረጃው ላይ የረጋ ደም አግኝቼ አመድ ነስንሼ የጠረግኩበት ቀን አለ። ከጉርድ ፎቶ ላይ ለለቅሶ የሚሆን ትልቅ ፎቶ እንዳወጣ የሚያዙኝ ሰዎችም ብዙ ጊዜ ሟቻቸው በበሽታ የሞተ አልነበረም። እናቶች ትንሿን ፎቶ በመሀረብ ጠቅልለው ያመጡና "ቀብሩ ዘጠኝ ሰዓት ነው፣ አድርሽልን" ይሉኛል። የተወጋ ልጃቸው ፊት ውሃ ውስጥ ቀስ እያለ ሲወጣ ብቻዬን አየዋለሁ።

ሙሽሮችም ይመጡ ነበር። አገጯ ሥር የበለዘ ሙሽራ ስትመጣ እናቷ ሳልጠይቃት "ወድቃ ነው" ትላለች። ትልቁን መብራት ከፊት ለፊቷ አድርጌ በነጭ ጃንጥላ ሳለዝበው ብልዙ ይጠፋል። የተረፈውን ነጋቲቩ ላይ በቀጭን እርሳስ እሞላዋለሁ። ሪቶሽ ይባላል። ጥሩ ሪቶሽ አድራጊ ነበርኩ።

መብራት ማስተማር የጀመርኩት ሳላስበው ነው። ሠርግ የሚያነሱ ወጣቶች ፊልማቸውን ሊያሳጥቡ ይመጣሉ። ፍላሹን ሙሽሮቹ ግንባር ላይ እያፈነዱ ሰውን ሁሉ ዱቄት የተነፋበት ያስመስሉታል። አንዱ አንድ ቀን ግድግዳዬ ላይ የተሰቀሉትን ሲያይ ቆየና "እትዬ፣ እርስዎ ሲያነሱት ሰው ለምንድነው ሰው የሚመስለው?" አለኝ። "እሑድ ከሰዓት ና፣ አሳይሃለሁ" አልኩት። ጓደኞቹን ይዞ መጣ። በሚቀጥለውም እሑድ ሌሎች መጡ። አግዳሚ ወንበር ከጎረቤት ተውሼ አስቀመጥኳቸው።

ከተማሪዎቼ በዕድሜ የሚበልጠኝ አንድ ብቻ ነበር፤ ጡረታ የወጣ የፖሊስ አሥር አለቃ። ክርስትናና ልደት እያነሳ ጡረታውን ይደጉማል። ሁልጊዜ ኮቱን ቆልፎ ከፊት ይቀመጣል፣ የተናገርኩትን ሁሉ በራሱ ካሜራ ካልሞከረው አያምንም። ልጆቹ ሲንጫጩ ዞር ብሎ ሲያያቸው ይበቃል፤ ዝም ይላሉ።

ከዚያ እሷ መጣች። ሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ ያለች ቀጭን ሴት ናት። የምትኖረው ላፍቶ ነው። ያኔ ላፍቶ እርሻ ነበር፤ ሽንብራ በሚዘራበት ማሳ መሀል እዚህም እዚያም ቤት ይታያል እንጂ ሰፈር የሚባል ገና አልነበረም። በክረምት ጭቃውን በላስቲክ ጫማ አቋርጣ ትመጣና ደጃፌ ላይ እግሯን ታጥባ ሌላ ጫማ ታደርጋለች። ለምን መማር እንደፈለገች ስጠይቃት መልሷን ቀድማ አዘጋጅታው ነበር።

"ጎረቤቶቼ ሙስሊሞች ናቸው፣ እትዬ። ሙሽሮቻቸው ወንድ እንዲያነሳቸው አይፈልጉም። ሴት ፎቶ አንሺ ብትኖር ቤታቸው አስገብተው አጊጠው ይነሳሉ። እኔ ልሆንላቸው ነው።"

"ባልሽስ ምን ይላል?"

"እሱ መኪና ላይ ነው፤ ብዙ አይገባም" አለችና ወሬውን ወደ መብራቱ መለሰችው።

ባሏ ገልባጭ መኪና ነጂ ነው። ከፉሪ ወዲያ፣ ድንጋይ ከሚፈለጥበት ካባ ይጭናል። ይህን ሁሉ በኋላ ነው ያወቅኩት። ያኔ የማውቀው እሷ ከወንዶቹ ሁሉ ፈጥና እንደምትይዝ ነበር። አንድ ጊዜ ያሳየኋትን በሚቀጥለው እሑድ እጇ ያውቀዋል። የምትቀመጠው ግን ከኋላ፣ ግድግዳውን ተደግፋ ነው። ነጠላዋን እስከ አገጯ ትከናነባለች፣ ሙቀት ቢሆንም አትገልጠውም።

የዚያን እሑድ ትምህርት ስለ ጎን መብራት ነበር። ወንበሩ ላይ የሚቀመጥ ሰው ያስፈልገኛል። ተራ በተራ ነበር የሚቀመጡት፤ የእሷ ተራ ደረሰ።

"ዛሬ ይለፈኝ፣ እትዬ" አለች።

ከልጆቹ አንዱ "ታፍራለች!" ብሎ ሳቀ። ሌሎቹም አጀቡት። ፊቷ ተለወጠ። ተነስታ መጥታ ወንበሩ ላይ ተቀመጠችና ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ ጣለች።

መጀመሪያ የፊት መብራቱን አበራሁ። ልስልስ ያለ ቆንጆ ፊት ታየን። "ይህ መብራት ሁሉን እኩል ያደርጋል" አልኩና አጠፋሁት። ከዚያ በግራዋ በኩል የቆመውን የአምስት መቶ ሻማ መብራት አበራሁ፣ ያለ ጃንጥላ፣ ወደ ታች ዝቅ አድርጌ። "ይህ ደግሞ ከፍታና ዝቅታውን…"

ዓረፍተ ነገሩን አልጨረስኩትም። ጉንጯ ላይ አብጦ የተቋጠረ ነገር ነበር፤ ጥላው እስከ አፏ ድረስ ወረደ። አንገቷ ላይ የጣት ምልክት፣ በዚህ በኩል አንድ፣ በዚያኛው በኩል አራት ተደርድሮ ታየ። ከጆሮዋ በላይ ጸጉሯ ተነቅሎ ቆዳው ቀርቷል። የሳቀው ልጅ እጁን አፉ ላይ አደረገ።

መብራቱን ላጠፋ እጄን ስዘረጋ፣

"አያጥፉት" አለችኝ። "እንደዚሁ ያንሱኝ።"

አሥር አለቃው ተነሳ። "አንቺ ልጅ" አለኝ ቀስ ብሎ፣ "የባልና የሚስት ነገር ነው። ሃያ ዓመት ጣቢያ ስሠራ የማውቀው ነው። እጅሽን አታስገቢ፤ ዛሬ ይጣላሉ፣ ነገ ይታረቃሉ፣ አንቺ ጠላት ሆነሽ ትቀሪያለሽ።"

"እኔ ነኝ የጠየቅኳት፣ አባባ" አለች እሷ ከወንበሩ ሳትነሳ። "ጣቢያ ሁለቴ ሄጃለሁ። ሁለቴም ታርቃችሁ ኑ ተባልኩ። ሲያዩኝ ምንም አይታያቸውም።"

ወንዶቹን አስወጣኋቸውና በሩን ዘጋሁ። ፊቷን ካነሳሁ በኋላ ጀርባዋን አዙራ ቀሚሷን እስከ ወገቧ ዝቅ አደረገች። በችንጋ ነው የገረፋት፣ ከመኪና ጎማ ከሚቆረጠው ላስቲክ። ሰንበሩ እርስ በርሱ ተቆራርጦ ጀርባዋ የታረሰ መሬት መስሏል። አንዳንዱ ቦታ ፈንድቶ ቀሚሷ ተጣብቆበት ስለነበር ስታወርደው እንደገና ደማ። መብራቱን ከወለሉ አጠገብ አድርጌ ከሥር ወደ ላይ ለቀቅኩት። አልጮኸችም። እኔ ግን ፎከሱን ለማስተካከል ሁለቴ ዓይኔን መጥረግ ነበረብኝ።

"በምን ምክንያት ነው?" አልኳት ልብሷን ስትለብስ።

"ወጡ ቀዝቅዞበት" አለች። ቆየት ብላ ደግሞ፣ "ያለፈው ደግሞ በጣም ትኩስ ነበር" አለች።

ፎቶዎቹን አጥቤ ሰጠኋት። ይዛቸው ጣቢያ ሄደች። ተረኛው ፖሊስ አንድ በአንድ አያቸው፣ ከዚያ ገልብጦ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጣቸው። በዚህ ጊዜ ታረቁ አላላትም፤ ሐኪም ቤት ሄዳ ወረቀት እንድታመጣ ላካት። የሐኪሙን ወረቀት ለማግኘት ቀጠሮው ረዘመ። እሷ እህቷ ቤት ተሸሸገች። ከተማሪዎቼ አንዱ ደግሞ መካኒሳ ቢራ ሲጠጣ የሰማውንና ያየውን አወራ። ወሬው ፉሪ ካባ ድረስ ደረሰ።

ወሬው በደረሰ በሳምንቱ፣ እሑድ፣ እሷ የጨለማው ክፍል ውስጥ ወረቀት ስታጥብ፣ እኔ ስለ ሁለት መብራት አጠቃቀም ሳስረዳ፣ በሩ በእርግጫ ተከፈተ። ረጅም፣ አንገተ ወፍራም ሰው ነው። ጫማውና ሱሪው በድንጋይ ብናኝ ነጥቷል። በእጁ የጎማ መፍቻ ብረት ይዟል። አልጠየቅንም፤ ሁላችንም አወቅነው።

"የሚስቴን ገላ ያነሳሽው አንቺ ነሽ?"

"ያነሳሁት ቁስሏን ነው" አልኩት።

"ፊልሙን አምጪ።"

"ፊልሙ የእሷ ነው። ስትፈልግ እሷ ትሰጥሃለች።"

የመጀመሪያው ምት በትልቁ መብራት ላይ አረፈ። እንደበራ ነበር፤ አምፖሉ ሲፈነዳ የጋለ ስባሪው ጉንጬና ቅንድቤ ላይ ተሰካ። ዓይኔን ደም ጋረደው። ሁለተኛውን ሲሰነዝር ጭንቅላቴን ለማዳን ክንዴን አነሳሁ። አጥንቴ ቀጭ ሲል ከሕመሙ በፊት ድምፁን ሰማሁት። ወደቅኩ። እላዬ ላይ ቆሞ ካሜራውን ከነእግሩ አነሳና ግድግዳው ላይ ወቀጠው፤ የወንድሜ ካሜራ ነበር። ልጆቹ ከመጋረጃው ጋር ተጣብቀዋል፣ አንዱ በመስኮት ዘሎ ወጥቷል። አሥር አለቃው ብቻ ከኋላ ጨመደደው። ሰውየው በክርኑ አፉን ሲመታው ሽማግሌው ከነወንበሩ ተገለበጠ፣ ጥርሱን ከደም ጋር ተፋ።

"እሷስ የት አለች? የት ደብቃችኋታል?"

የጨለማው ክፍል በር ተከፈተ። ፎቶ የምናጥብበትን ኬሚካል ከነሳህኑ ይዛ ነበር የወጣችው። ፊቱ ላይ ደፋችበት። ዓይኑን ይዞ እንደ በሬ አጓራ፣ ብረቱ ከእጁ ወደቀ። እሷ ብረቱን አላነሳችም፤ የተሰበረውን መብራት የብረት እግር አነሳች። መጀመሪያ ትከሻው ላይ፣ ሲንበረከክ ጀርባው ላይ፣ ሲወድቅ ጭንቅላቱ ላይ። አፏ ተገጥሞ ነበር፤ የሚሰማው የብረቱ ድምፅና የእሱ ማቃሰት ብቻ ነው። ደሙ የግድግዳው ነጭ ጨርቅ ላይ ተረጨ። እሱ እጁን ዘርግቶ "ማሪኝ" አለ። እሷ እጁን መታችው።

አሥር አለቃው ተንፏቆ ተነሳ፣ ከኋላዋ አቀፋትና ክንዶቿን ያዘ። "በቃ ልጄ! በቃ! ትገድይውና በእሱ ምክንያት ዕድሜሽን እስር ቤት ትጨርሺዋለሽ!"

በዚያች ደቂቃ እኔ ወለሉ ላይ ተኝቼ ያሰብኩት ነገር ይኸው ነው፤ ምነው ሽማግሌው ባይዛት ብዬ ነበር። አሁንም ሳስታውሰው ደሜ ይሞቃል።

ፖሊሶች መጥተው ባልና ሚስቱን ሁለቱንም ወሰዱ። እሱ በቃሬዛ፣ እሷ በካቴና። እኔና አሥር አለቃውን አንድ ክሊኒክ ወሰዱን። ክንዴ በጀሶ ሲታሸግ እሱ ከንፈሩ እየተሰፋለት አጠገቤ ተቀምጦ ነበር። ሐኪሟ ስትወጣ ጥጡን ከአፉ አውጥቶ ማውራት ጀመረ።

"ከዓመታት በፊት አንዲት ሴት እንዲህ ሆና ጣቢያ መጣች። ተረኛው እኔ ነበርኩ። ታርቃችሁ ኑ ብዬ መለስኳት። ሳምንት ሳይሞላ ሬሳዋን ከጉድጓድ ያወጣሁትም እኔው ነኝ።"

"ለምንድነው ታዲያ ያን ቀን እጅሽን አታስገቢ ያልከኝ?" አልኩት፤ አንቱታው ከአፌ ጠፍቶ። አልተቆጣም።

"ስለፈራሁ ነዋ" አለ። "ፖሊስ አይፈራም ብለሽ ነው?"

እሷ ለብዙ ሳምንት ታሰረች። ሐሙስ ሐሙስ ምግብ ይዤላት እሄድ ነበር። ባሏ ጭንቅላቱ ተሰፍቶ ከሆስፒታል ወጣ፣ ዘመዶቹም ጠበቃ አቆሙለት። እሱ እኔን በማቁሰልና ሚስቱን በመደብደብ፣ እሷ ደግሞ እሱን በመፈንከት ተከሰሱ። ሽማግሌዎች እኔም ቤት መጡ። "ለልጅቱ ስትይ ክሱን ተይው፤ እሱ ይምርሻል፣ አንቺም ማሪው" አሉኝ። የሚምረኝ ምን አድርጌው እንደሆነ ጠየቅኳቸው። አንገታቸውን ደፍተው ወጡ።

ፍርድ ቤት የቆምኩ ቀን የጉንጬ ቁስል ጠግጎ ነበር። ጠበቃው የጀርባዋን ፎቶ ከፍ አድርጎ ለዳኛው አሳየ።

"ክቡር ፍርድ ቤት፣ ይህች ሴት የመብራት አስተማሪ ናት። በመብራት ለስላሳውን ሸካራ፣ ሸካራውን ለስላሳ ማድረግ ሙያዋ ነው። ይህ ፎቶ የተቀነባበረ ነው።" ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። "ብልዝ በመብራት ይጠፋል ወይስ አይጠፋም?"

"ይጠፋል።"

"ስለዚህ በመብራት ማሳሳት ይቻላል።"

"መደበቅ ይቻላል" አልኩ።

ዳኛው መነጽራቸውን አወለቁ። ድካም የሚታይባቸው ሰው ነበሩ። "ልዩነቱ ምንድነው? አስረጂ።"

አዳራሹ በአንድ በኩል ትልቅ መስኮት አለው፤ የረፋድ ፀሐይ ገብቶበታል። ፈቃድ ጠይቄ ወደ መስኮቱ ሄድኩና ፊቴን ሙሉ ለሙሉ ወደ ብርሃኑ አደረግኩ። "ክቡር ዳኛ፣ ይቅረቡ ካልኩዎት ይቅርታ፣ ጉንጬ ላይ ምን ይታይዎታል?"

ከወንበራቸው ተነስተው መጡ። "ብዙም አይታይም።"

ብርሃኑ በጎን እንዲመታኝ ዞርኩ። አምፖሉ የተሰካባቸው ቦታዎች በሙሉ፣ ከቅንድቤ እስከ መንጋጋዬ፣ እያንዳንዳቸው ጥላ አወጡ። ዳኛው ሳያስቡት ትንፋሻቸውን ሳቡ።

"መስኮቱ አይደለም ጠባሳውን የሰጠኝ" አልኩ። "እዚያ የተቀመጠው ሰው ነው የሰጠኝ። የእሷም እንደዚሁ ነው። ካላመኑኝ ሴት ሐኪም ወይም ሴት ፖሊስ ይዛት ወደ መስኮት ትሂድ፤ ጀርባዋ አሁንም አለ።"

ጠበቃው ተቃውሞ አለኝ ብሎ ሲነሳ ዳኛው በእጃቸው አስቀመጡት። አንዲት ሴት ፖሊስ እሷን ይዛ ከኋላ ወዳለው ክፍል ገባች። ስትመለስ ፖሊሷ ዓይኗ ቀልቶ ነበር። "እንደ ፎቶው ነው፣ ክቡር ፍርድ ቤት። ፎቶው ይሻላል እንጂ" አለች። አሥር አለቃውም መሰከረ። ያየውን ብቻ ሳይሆን ጣቢያ ሲሠራ ሴቶችን እንዴት ይመልስ እንደነበርም ተናገረ፤ ማንም ሳይጠይቀው።

ባሏ ተፈረደበት፤ እስር ቤት ገባ። እሷ ጥፋተኛ ተብላ ቅጣቱ በገደብ ታገደላትና ከፍርድ ቤቱ ደጅ አብራኝ ወጣች። እጄን ያዘችኝ። ታክሲ ይዘን እስከ ሜክሲኮ ድረስ ሄድን። ከዚያ በድንገት ማልቀስ ጀመረች፤ ረዳቱ እንኳ ሒሳብ ሳይጠይቀን አለፈ።

ክንዴ ድሮ ወደነበረበት አልተመለሰም። ከትከሻዬ በላይ አይወጣም፣ ክረምት ሲገባ ይጠዘጥዘኛል። ፎቶ ቤቱን እንደገና ለመክፈት ጊዜ ወሰደብኝ። ልጆቹ ከየሠርጉ ያገኙትን አምፖልና ሽቦ እያመጡ አቆሙልኝ። ቢራ ላይ ያወራው ልጅ አንድ ቀን ደጅ ቆሞ አየሁት። አልገባም፣ እኔም አልጠራሁትም።

እሷ ከእኔ ጋር እየኖረች ፍቺዋን ጨረሰች። ከዚያ ላፍቶ ከሙስሊም ጎረቤቶቿ የአንዷን ክፍል ተከራየች። በሩ ላይ መጋረጃ ሰቀለች፤ ወንድ አይገባም። ሙሽሮቹ እዚያ ሻሻቸውን አውልቀው ሂናቸውን እያሳዩ ይነሳሉ። ብልዝ ያለባት ስትመጣ ግን ሪቶሽ አትሠራም ነበር። "ሁለት አነሳልሻለሁ" ትላቸዋለች። "አንዱን ለግድግዳ፣ አንዱን ደብቂው።" ጥቂቶቹ ተቆጥተው ወጡ። ጥቂቶቹ ሁለቱንም ወሰዱ።

የቀድሞ ባሏ የተፈታ ዕለት ወሬው ቀድሞ ደረሰን። እኔ "ዛሬ አትክፈቺ፣ እኔ ጋ ዋዪ" ብዬ ሰው ላክሁባት። ራሷ መጥታ "እከፍታለሁ፣ እትዬ፣ ከፈለጉ እርስዎ ይምጡ" አለችኝ። ሄድኩ። አሥር አለቃው ቀድሞኝ ደርሶ ደጇ ላይ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ጋዜጣ ያነብባል። እሷ ውስጥ አንዲት ሙሽራ ታነሳለች። በመጋረጃው ቀዳዳ አየኋት፤ የሙሽራዋን አገጭ በሁለት ጣት ቀና አድርጋ መብራቱን ወደ ጎን ገፋችው።

ሰውየው እስኪመሽ አልመጣም። በማግስቱም አልመጣም። በኋላ ወደ ደቡብ ወርዶ መኪና እየነዳ ነው ሲሉ ሰማን። እውነት ይሁን ውሸት አላውቅም። አሥር አለቃው ግን ሳምንታት አልፈው ፍልሰታ እስኪገባ ድረስ በርጩማውን ከዚያ አላነሳም።